ለጥላው ማን ይከፍላል?

ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ የሚወጡትን ሚኒባሶች ያስተዋለ ሰው ከተማዋ አዲስ ልማድ እንዳበጀች ይገባዋል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ትንሽ ቦርሳ አንግተው ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሱሉልታ ይተማሉ። ነገሩ «ሃይኪንግ» ይባላል። ደግ ልማድ ነው፤ የሚያጣጥለው ሰው ከሶፋው ያልተነሣ መሆን አለበት። በእግር መሄድ የድህነት ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ደስ ይላል። ቅር የሚለኝ ማታ ሲመለሱ የሚወራው ወሬ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሄደ፣ በስንት ሰዓት አለቀ፣ ስልኩ ስንት እርምጃ ቆጠረ። የተሄደበትን ደን ማን አቆመው፣ ማን ይጠብቀዋል፣ የታለፈው በማን ጓሮ ነው የሚለው ግን አይነሣም።

ይህ ዝምታ ጎልቶ የሚታየኝ ጣና ዳር ነው፤ ዘጌ።

ዘጌ ለተራማጅ አስቸጋሪ አይደለችም። ጣና ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ የዘጌ ጉብታዎች ከሐይቁ ከፍ የሚሉት ቢበዛ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ በመኪና የሚመጣም በአፋፍ ከተማ በኩል ይገባል። ከጀልባው ማረፊያ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያለው ዳገት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች በባዶ እግራቸው ሲወጡት ታገኛላችሁ፤ ውድ ጫማ ያደረገው የከተማ ልጅ ግን ከኋላቸው ያለከልካል። ከዑራ ወደ አዝዋ ማርያም፣ ብርታቱ ላለውም እስከ መሐል ዘጌና እስከ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጥላ ነው። የቀትር ፀሐይ ቅጠል ለቅጠል ተንጠባጥባ ነው መሬት የምትደርሰው።

አብዛኛው ጎብኚ ይህን ሲያይ «ጫካ» ይላል። አስጎብኚውም አንዳንዴ እንዲሁ ይላል፣ ያቀለዋል። ግን ትንሽ ቆም ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ያየ ሰው ቆሞ ያለው በአትክልት ቦታ መካከል መሆኑን ይረዳል። ከላይ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ሾላ አሉ። ከእነሱ ሥር በሰው ቁመትና ከዚያም ከፍ ብሎ ቡና ቆሟል፤ አንዳንዱ ግንድ ከሽምግልና ብዛት ተጣሞ አረንጓዴ ሽበት ለብሷል። በቡናው መካከል ጌሾ አለ፣ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ከቤቶቹ አጠገብ ሎሚ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ይታያል። የድንጋይ ካቡ የእገሌን ከእገሊት ይለያል። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ጎብኚ ሰው የሌለበት የመሰለው ጫካ በቤተሰብ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው።

የዘጌ ሰው ይህ ሁሉ እንዴት እንደተጀመረ ሲናገር ወደ አቡነ በትረ ማርያም ይወስዳችኋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህ የመጡት እኚህ ጻድቅ በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ከዚያ ጋር ቃል ኪዳን አለ። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፣ ከብት አያረባም፣ ዛፍ አይመነጥርም፤ በምላሹ ከዛፉ ፍሬ ይኖራል፣ ከመብረቅና ከአውሬ ይጠበቃል። ታሪኩን እንደ እምነት የሚቀበለውም እንደ ተረት የሚሰማውም ውጤቱን በዓይኑ ያያል። ዙሪያውን ያለው የጎጃም ሜዳ ታርሶ፣ ተግጦ፣ ዛፉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲሰበሰብ፣ ዘጌ እስከ ዛሬ ጥቅጥቅ ብላለች። የሥነ ምድር ሰበብ የለውም፤ ያው አፈር፣ ያው ዝናብ ነው። ልዩነቱ ሞፈርና ከብት አለመግባቱ ነው።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ደቡብ ጎንደር ላይ፣ ተቃራኒውን ማየት ይቻላል። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው፤ የዚያን አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። እዚያ ደኑ የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ማሳና ግጦሽ ነው፤ ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላና ስለሚረግጥ ደኑን ለማዳን የድንጋይ አጥር ማጠር ግድ ሆኗል። ዘጌ ላይ አጥሩ ቃል ነበር። ከድንጋይ የረከሰ፣ ግን በየትውልዱ እንደገና መታጠር ያለበት አጥር።

ቃሉን ብቻ ሳወድስ ግን ነገሩን አሳምሬ እንዳላቀርበው እሠጋለሁ። ቃል ኪዳን እንጀራ አይሆንም። የማያርስ አገር ጤፉን ከየት ያመጣል? ዘጌ እህሏን የምትገዛ አገር ናት፤ ድሮም ዛሬም። ቡናዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደርና በመተማ አድርጎ ሱዳን ይደርስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቡና መጠጣትን ነውር አድርጋ ትቆጥር በነበረበት ዘመን የገዳም አገር ቡና እየለቀመ ይሸጥ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስበው ፈገግ እላለሁ። የማያስፈግገው ሌላው ነው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እንደጻፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዘጌ ካህናት መካከል የቡና ባለጸጎችና የባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። ዛሬ ፎቶ በምንነሣበት በዚህ ጥላ ሥር በግድ የተሠራ ሥራ አለ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ዘጌን አልዘለላትም፤ ገዳማቱና ባለጸጎቹ መሬቱን አጡ፣ ቡናው በአነስተኛ ይዞታ ተከፋፈለ። እንግዲህ ደኑ የቆመው በጸሎት ብቻ ሳይሆን በሰው ጉልበትም፣ በንግድም፣ በበደልም ነው። ያለፈው እንዲህ ከሆነ፣ የዛሬው በምን ይቆማል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ ያለው በቡናና በጤፍ ዋጋ መካከል ነው ባይ ነኝ። አንድ የዘጌ ባለቡና ጀንፈሉን ሸጦ የዓመት ጤፉን መግዛት ከቻለ ዋንዛው ይቆያል። ካልቻለ ወደ ላይ ያያል። ዋንዛ ለበር፣ ለወንበር፣ ለከበሮ የሚፈለግ እንጨት ነው፤ ቡናው እስኪደርስ የማይታገሥ ችግር ሲመጣ ጣውላ ይፈጥናል። ከዚያ በታች ያለው ችግረኛ ደግሞ ማገዶ ይሸጣል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ የሚጫነው ማገዶ ስንት ፎቶግራፍ አንሺ ውብ አድርጎ አንሥቶታል! ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ውኃው ወርቅ ሲመስል፣ ታንኳው በእንጨት ተከምሮ። ሥዕሉ ያምራል፤ የተጫነው ግን ጥላው ነው።

ጥላ ስል የቅንጦት ነገር አይደለም። የእኛ ቡና በተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የኖረ ተክል ነው። ጥላው ሙቀቱን ያበርዳል፣ ፍሬው በዝግታ እንዲበስል ያደርጋል፣ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ይመግባል። ብርብራና ሰሳ እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅን ለአፈር የሚያስገኙ ዘመዶች ናቸው። ፀሐይ ላይ የተጋለጠ ቡና በአንድ ዓመት አለልክ ያፈራና በሚቀጥለው ይደክማል። ስለዚህ ዋንዛውን የሸጠ ሰው ቡናውንም በከፊል ሸጧል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ብቻ አይታወቀውም።

በጣም ያሳሰበኝ ግን መጥረቢያው አይደለም፤ ገጀራው ነው። ከመንገዱ ዳር በአንድ ይዞታ ላይ አንድ አዛውንት በገጀራ ሥሩን ሲመነጥሩ አየሁ። ቡና ከመለቀሙ በፊት ሥሩ መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ የረገፈው ፍሬ አይገኝም። አስጎብኚያችን «አያ፣ በርቱ!» ሲላቸው ቀና ብለው «እግዜር ያበርታህ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገጀራው አይመርጥም። እሾሁም፣ ሐረጉም፣ ጣት የምታህል የሰሳ ችግኝም አንድ ላይ ይወድቃሉ። ወፍ ዘራሽ የቡና ችግኝ ሲያገኙ ግን እጃቸው ቆም ይላል፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ያጸዱለታል። ልክ ናቸው፤ ቡናው ጤፍ ይገዛል፣ የሰሳው ችግኝ ጥላ የሚሆነው ለልጅ ልጃቸው ነው። ግን ይህ በየዓመቱ፣ በየይዞታው ከተደረገ ከላይ የምናያቸው ትልልቅ ዛፎች ተተኪ የላቸውም። ሽማግሌ ዛፍ ሲወድቅ ወጣት የሚነሣው ከሥሩ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ቡና ብቻ ነው። ለመንገደኛ ይህ አይታይም። ላይ ላዩን ሁሉ ለምለም ነው።

መንገደኛውን ካነሣሁ ስለ ጠባያችን አንድ ሁለት ነገር ልበል። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ወጣት ቀይ እሸት ቡና የተሸከመ ቅርንጫፍ ጎትቶ ፊቱ አጠገብ አድርጎ ፎቶ ሊነሣ ሲል ቅርንጫፉ ቀጭ አለ። እሱና ጓደኞቹ ሳቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ጉዳቱ የዚያች ዕለት እፍኝ ፍሬ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቡና ግን ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ክረምት ባደገው እንጨት ላይ ነው። የተሰበረው የመጪው ዓመት ፍሬም ነው። ካቡ ላይ የሚወጣም አለ፤ ድንጋዩ ሲናድ መልሶ የሚደረድረው የለም። ባዶ ሃይላንድ የሚጥለውንስ አልናገር፤ የመንደሩ ልጆች እየለቀሙ መልሰው ይጠቀሙበታልና እነሱ ባይኖሩ መንገዱ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ስፒከር ከፍቶ የሚሄድ ቡድንም ገጥሞኛል። ገዳም በር ላይ ሲደርሱ አጠፉት። ከገዳሙ በፊት ያለው ሁሉ ባዶ ቦታ መስሏቸዋል።

ስሕተቱ የወጣቶቹ ብቻ አይደለም፣ ክፍያችንም እንዲሁ ይላል። ጀልባው ታሪፍ አለው። አስጎብኚው ይከፈለዋል። ገዳሙ መግቢያ አለው፣ ይገባዋልም፤ የዑራን የመቅደስ ሥዕሎችና ግዙፍ በሮች ለዘመናት የጠበቀ ለጥገናው ገንዘብ ያስፈልገዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ ታንኳ፣ የብራና ሥዕል፣ ዶቃ የሚሸጡ እናቶችና ልጆች አሉ፤ ከእነሱ የገዛ ለመንደሩ ቤተሰብ በቀጥታ ሰጥቷል፣ ጥሩ ነው። ለዛፉ ተብሎ የሚቆረጥ ደረሰኝ ግን አላየሁም። ዋንዛውን ሳይሸጥ የተቸገረው ሰው፣ ሁላችንም ከዛፉ ሥር ያለፍንበት ሰው፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስሙ የለም። ዶቃ ካልሸጠ የሚያገኘው የእኛን የእግር ኮቴ ነው።

እንደ አገር ችግኝ መቁጠር ተክነንበታል። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ቁጥር እንሰማለን፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ዘመቻውም በጎ ነው። የተከለ ይመሰገናል፣ ሳይቆርጥ የቆየ ግን በየትኛው ዓምድ ላይ ይጻፍ? ዘጌ ላይ የመቶ ዓመት ዛፍ ይዞ የኖረ ቤተሰብ በዘመቻው ቀን ችግኝ ካልተከለ በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን ሐይቅና አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግብ የታሰበው ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ሥፍራ ነው። ዘጌ ለዚህ ሐሳብ ከመዝገቡ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረች ማስረጃ ናት። መዝገቡ ክብር ነው፤ ክብሩ እስከ ባለቡናው ጓሮ ሲወርድ ግን ገና አላየሁም።

«እንግዲያው ከጎብኚ ላይ የጥላ ክፍያ እንቁረጥና ይለቅ» የሚል ይኖራል። ከፊሉን እስማማለሁ። በእያንዳንዱ ጎብኚ ላይ ጥቂት ብር ተጨምሮ፣ መንገዱ በሚያልፍባቸው ይዞታዎች ያሉት ትልልቅ ዛፎች ተመዝግበው፣ በዓመቱ መጨረሻ ዛፉ ቆሞ ለተገኘለት ባለቤት ቢከፈል ከባድ ሥራ አይደለም። ዛፍ አይደበቅም፣ ቆጠራው ግማሽ ሳምንት ነው። ችግኝ ከገጀራ አትርፎ ላሳደገም እንዲሁ። ግን ጎብኚ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር እንዴት እንደሚወድቅ አይተናል። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ጀልባዎቹ ቆሙ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የባሕር ዳር ሆቴሎች እንግዳ ናፈቁ። ጎብኚ በቀረበት ዓመት ጤፍ መግዛት አይቀርም። በዚያ ዓመት ዋንዛውን የሚጠብቀው የጥላ ክፍያ ሳይሆን የቡናው ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሌላው መንገድ በስኒው በኩል ነው። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ተስማምታለች። ያን ጊዜ የተማርነው ስም ራሱ ገንዘብ መሆኑን ነው። ዘጌ ከሦስቱ አንዷ አይደለችም፤ ምርቷም ትንሽ ነው፣ ዓለም ገበያ ላይ ጎልታ ልትወጣ አትችልም። ግን ባሕር ዳር አጠገቧ ናት። በከተማዋ ያለ ሆቴል ሁሉ፣ ጀበና ያስቀመጠች ቡና አፍይ ሁሉ፣ «ይህ ከዘጌ ጥላ ሥር የተለቀመ ነው» ብላ ትንሽ አስበልጣ ብትሸጥ ገዢ አታጣም። አሁንም ስሙን ጠርቶ የሚሸጥ አልፎ አልፎ አለ፤ ግን ከተሸጠው ላይ ለጥላው ያለው ድርሻ አይለይም፣ እውነት ከዘጌ መሆኑንም የሚያረጋግጥ የለም። እዚያው ላይ የጥራት ሥራ አለ። ጀንፈሉ መሬት ላይ ከሚሰጣ አልጋ ላይ ቢደርቅ፣ አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ላይ ባይለቀም ዋጋው ይሻሻላል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፣ የትኛውም የግብርና ባለሙያ የሚናገረው ነው፤ የጎደለው ተጨማሪውን ድካም የሚክስ ገዢ ነው።

አንድ ትልቅ ክርክር ይቀራል። ገንዘቡን ማን ይያዝ? ገዳማቱ ቃል ኪዳኑ የእኛ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ቀበሌው መሬቱ የመንግሥት ነው ይላል፣ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። አስጎብኚዎቹ ጎብኚውን የምናመጣው እኛ ነን ይላሉ። እኔ ለባለቡናዎቹ ማኅበር አደላለሁ፤ ገጀራው በእነሱ እጅ ነውና። ገዳማቱ ግን ምስክር ሆነው ቢቀመጡበት ይሻላል። ዘጌ ላይ ደረሰኝ ከሚያስፈራው ይልቅ ግዝት የሚያስፈራው ሰው አሁንም ይበዛል፣ ያን አቅም መተው ሞኝነት ነው። ዑራና ይጋንዳ ቀበሌዎች፣ ገዳማቱና ባለቡናዎቹ አንድ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። ስብሰባው በመስከረም ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅምት ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው፣ የሚመጣ አይገኝም።